ስለ ፈንዳል አሠራር፤ ይኸውም ከእንጨት ስለሚጠረብ የወጥ ቤት ማንኪያ

ሰው እጁን በልቡናው እያዘዘ የሚያስፈልገውን ዕቃ ኹሉ ለማበጀት የሚችል ስለ ኾነ፣ ጥበበ ዕድ የትምህርት አንዱ ክፍል ነው እንጂ ከትምህርት የተለየ ነገር አይደለም። ፊደል የቈጠረና ሒሳብ የተማረ ልጅ እንጨት ለክቶ ለመጥረብ ቢያፍር ትምህርቱ ጎደሎ ይኾናል፤ መጥረብ የሚያውቅም የለካውን ለመጻፍ ባይችል ጥበቡ ከርሱ ጋራ ይቀራል። ስለዚህ ማንም ተማሪ በሁለት የዕረፍት ቀን ሠርቶ ለእናቱ ወይም ለአያቱ ሊሰጠው የሚችል አንድ የወጥ ቤት ዕቃ፣ ይኸውም የእንጨት ማንኪያ፣ ከእንጨቱ ምርጫ ጀምሮ ዘይት እስኪቀባ ድረስ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ በታች ተጽፏል።

ፈንዳል ምንድር ነው?

ከሐረር ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ በባቢሌ አልፎ የካራማራን ተራራ ከተሻገረ በኋላ ወደ ሰፊው የጅጅጋ ሜዳ ይወርዳል። ጅጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ከርሷም ወደ ቀብሪ በያህና ወደ ቶጎ ውጫሌ መንገድ ይወጣል። በዚህ አገር የሚኖረው የሶማሌ ሕዝብ አንዳንዱ ማሽላና በቆሎ እያረሰ፣ አንዳንዱም ግመልና በግ ፍየልም እያረባ ይኖራል። አርብቶ አደሩ ቤቱን ነቅሎ በግመል ጭኖ ከውሃ ወደ ውሃ፣ ከሣር ወደ ሣር ስለሚሄድ፣ የሸክላ ዕቃ ቢይዝ በመንገድ ይሰበርበታል። ስለዚህ የቤቱ ዕቃ አብዛኛው ከእንጨትና ከተታታ ሥር የተሠራ ነው። የሚጠረበው ማንኪያ በሶማልኛ ፈንዳል ይባላል፤ የደገኛውን ገበታ የሚመስለው ጎድጓዳ ሳሕን ሔሮ ይባላል፤ ሙቀጫውም ሞዬ ይባላል። የፈንዳል እጀታ ብዙ ጊዜ በቢላዋ ጫፍ በተጫረ መስመርና ማዕዘን ያጌጠ ነው። በለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ እንኳ የሶማሌ የእንጨት ማንኪያ በክብር ተቀምጧል።

ዛሬ በገበያ የብረትና የፕላስቲክ ማንኪያ ሞልቷል፤ ነገር ግን የእንጨቱ ጥቅም አልቀረም። ብረት የእሳትን ሙቀት ፈጥኖ ወደ እጅ ያመጣል፤ እንጨት ግን ሙቀት የሚያሳልፈው ከብረት ከመቶ እጥፍ በላይ ባነሰ መጠን ስለ ኾነ፣ በሚፈላ ገንፎ ውስጥ ቆይቶም እጅን አያቃጥልም። ፕላስቲክ በጋለ ድስት ሲነካ ይቀልጣል፤ ብረትም የሸክላውን ድስት ይፍቃል፤ እንጨት ግን ይህን ኹሉ አያደርግም።

ስለ እንጨቱ ምርጫ

ለዚህ ሥራ ከኹሉ ይልቅ የሚመሰገነው ወይራ ነው። ወይራ ጅማቱ የጠበቀና ክብደት ያለው ስለ ኾነ ውሃ ቶሎ አይገባውም፤ ሲለሰልስም እንደ ቀንድ ያበራል። ጭሱም መዓዛው የጣመ ስለ ኾነ በደጋ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ነገር ግን ከደረቀ በኋላ እጅግ ጠንካራ ስለሚኾን ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ስለዚህ እርጥብ ሳለ ሊጠረብ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግን ዋንዛ ቢይዝ ይሻለዋል። ዋንዛ ለስላሳና ለቢላዋ የሚታዘዝ እንጨት ነው፤ አናጢዎች ከሚጥሉት ቁራጭ መካከልም ለማንኪያ የሚበቃ ይገኛል። በቁራጭ የሠራ ተማሪ አንድ ዛፍ ከመቈረጥ አዳነ ማለት ነው።

በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቊረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ይህን ይደነግጋል። ከግል መሬትም ቢኾን ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ቅርንጫፍ መውሰድ ስርቆት ነው። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለ ኾነ፣ ለአንድ ማንኪያ ግንድ መጣል ታላቅ ጥፋት ነው፤ ነፋስ የሰበረው ወይም ባለቤቱ የገረዘው ቅርንጫፍ ይበቃል።

ሊፈራ ስለሚገባው እንጨት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ በልብ የሚቀር ቢኾን ይህ ይቅር፤ የማያውቁትን እንጨት ለምግብ ዕቃ መጥረብ የሞት መንገድ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በወይራና በጥድ መካከል የሚበቅል በዐማርኛ መሬንዝ የሚባል ዛፍ አለ። ከዚህ ዓይነት ዛፍ የሚቀመመውን መርዝ ሶማሌዎች ዋባዮ ይሉታል፤ በጥንት ጊዜ እንጨቱንና ሥሩን ቀቅለው ፍላጻ ይቀቡበት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1888 አርኖ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚ ሊቅ መርዙን ከእንጨቱ ለይቶ አወጣው፤ ስሙንም ከሶማልኛው ቃል ወስደው ዋባይን አሉት። ይህ ነገር በጥቂቱ በሐኪም ሲሰጥ ለልብ ሕመም መድኃኒት ኾኖ ነበር፤ ሲበዛ ግን ልብን ያቆማል። መርዙ በቅጠሉ ብቻ ሳይኾን በእንጨቱም ውስጥ ስላለ፣ በመሬንዝ እንጨት ወጥ ማማሰል ወይም ሥጋ መጥበስ ሰውን ይገድላል።

ኹለቱን ለመለየት ቅጠላቸውን ማየት ይገባል። የወይራ ቅጠል ጠባብና ሹል ነው፤ ላዩ አረንጓዴ ኾኖ ውስጡ ዐመድማ ወይም ወርቅማ ቡኒ ይመስላል። የመሬንዝ ቅጠል ግን ሰፋ ያለ፣ ወፍራምና እንደ ቆዳ የጠነከረ ነው፤ ላዩ ያብረቀርቃል። አበባው መዓዛው የጣመ ነጭ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው፤ ፍሬውም ሲበስል ወደ ጥቊርነት ይለወጣል፤ ሲቈረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። እንዲሁም የቊልቋል ወተት ዐይን ውስጥ ቢገባ እስከ መታወር ያደርሳል። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ሲቈረጥ ወተት የሚያወጣ እንጨት ለማንኪያ አይወሰድም፤ የአገሩ ሽማግሌ ስሙን የማያውቀው እንጨትም አይወሰድም። ቅርንጫፉ ቅጠል ከሌለው፣ ከየትኛው ዛፍ እንደ ተቈረጠ ያየ ሰው ይጠየቅ፤ ያየ ከሌለ ለማገዶም ቢኾን አይነሣ፤ ይተው።

ስለ እንጨት ጠባይ

እንጨት ብዙ ሺህ ቀጫጭን ቧንቧ በቁመት ተጣብቆ እንደ ቆመ ያለ ነገር ነው። እነዚህ ቧንቧዎች በተለምዶ ጅማት ይባላሉ። ዛፉ ሕያው ሳለ ውሃ ስለሚሞላባቸው እርጥብ እንጨት ለቢላዋ ለስላሳ ነው። ሲደርቅ ግን ይኰማተራል፤ መኰማተሩም በኹሉ ወገን ትክክል አይደለም። በብዙ ዓይነት እንጨት ዘንድ ርዝመቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይቀንስም፤ ከእምብርቱ ወደ ልጡ ባለው ወገን ከመቶ 4 እጅ ያህል፣ በዙሪያው ደግሞ ከመቶ 8 እጅ ያህል ይቀንሳል። ዙሪያው ከውፍረቱ ይልቅ በእጥፍ ስለሚጠብብ፣ ድቡልቡል ግንድ እንዳለ ቢደርቅ ከልጡ እስከ እምብርቱ መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ ማንኪያ ከሙሉ ቅርንጫፍ አይሠራም፤ እንጨቱ በእምብርቱ በኩል ለሁለት ተፈልጦ፣ እምብርቱ ተጠርቦ ከተጣለ በኋላ ከቀረው ይሠራል።

ስለ መሣሪያው

መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ ስለቱ የጠና ቢላዋ፣ ሽብልቅና የእንጨት መዶሻ፣ እንዲሁም ጕድጓዱን ለመፈልፈል ስለቱ የጎበጠ ቢላዋ ወይም አፉ የዞረ መሮ ያስፈልጋል። ለመለኪያ ማስመሪያ፣ ለመንደፊያ ከሰል ይበቃል። ዱልዱም ቢላዋ ከስል ቢላዋ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ዱልዱሙ ኀይል ስለሚጠይቅ ሲያመልጥ በኀይል ያመልጣልና። ስለዚህ ከሥራው በፊት ስለቱ በድንጋይ ይሳል። መጥረቢያ የያዘ ሰው እንጨቱን ከላይ ጫፉ ይዞ ከእጁ በታች ይምታ፤ ከእጁ በላይ ግን ከቶ አይምታ። በቢላዋ የሚጠርብም ስለቱን ወደ ጣቱ፣ ወደ ጭኑም ወይም ወደ ደረቱ አያዙር። ትንንሽ ልጆች መጥረቢያውን ለታላቅ ሰው ይተዉ።

ስለ አጠራረቡ

1ኛ፤ ርዝመቱ 32 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 7፣ ውፍረቱ 4 የኾነ ጠፍጣፋ እንጨት በመጥረቢያ ይዘጋጅ። ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመት የቀና ይኹን፤ ጕጥ ያለበት አይመረጥ።

2ኛ፤ ንድፉ በወረቀት ይሠራ። ወረቀቱ በቁመቱ ለሁለት ይታጠፍ፤ በታጠፈው ላይ የማንኪያው ግማሽ ተነድፎ ይቈረጥ፤ ሲዘረጋ ኹለቱ ጎን ትክክል ኾኖ ይገኛል። የማንኪያው አፍ ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታውም ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይኹን። ወረቀቱ በእንጨቱ ላይ ተደርጎ ዙሪያው በከሰል ይነደፍ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቊረጥ የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ላይ ይሠራል።

3ኛ፤ ከኹሉ አስቀድሞ ጕድጓዱ ይፈልፈል። ብዙ ጀማሪ የውጭውን ቅርጽ ያስቀድማል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። እንጨቱ ጠፍጣፋ ሳለ በመሬት ላይ ጸንቶ ስለሚቀመጥ ለመፈልፈል ይመቻል፤ ከተድቦለቦለ በኋላ ግን እየተንሸራተተ እጅን ያስቈርጣል። ከንፈሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲተርፈው ኾኖ፣ ከመካከሉ ተጀምሮ ጅማቱን አቋርጦ ቀስ በቀስ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልፈል። ጥልቀቱን ለማወቅ ቀጥ ያለ አገዳ በከንፈሩ ላይ ተጋድሞ፣ ከርሱ ወደ ታች በስንጥር ይለካ።

የጎበጠ ቢላዋ የሌለው ሰው በፍም ሊሠራ ይችላል። ትንሽ ፍም በመካከሉ ይቀመጥና በመቃ ቀስ ተብሎ እፍ ይባል፤ እንጨቱ ጥቂት ሲከስል ፍሙ ተጥሎ የከሰለው ይፋቅ፤ ደግሞም ሌላ ፍም ይቀመጥ። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ውሃ በአጠገብ ተቀምጦ ይሠራ። ነፋስ ባለበት ሜዳ አንዲት ፍም የሣር ቤት ልታቃጥል ትችላለችና።

4ኛ፤ ከዚህ በኋላ የውጭው ቅርጽ ይጠረብ። አፉ ከእጀታው በሚገናኝበት አንገት ላይ በኹለቱም ጎን በመጋዝ ትንሽ ይቈረጥ፤ ይህ መጥረቢያው ከመጠን አልፎ እንዳይሰነጥቅ ያግደዋል። ሲጠርቡ ምንጊዜም ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይጠረባል፤ ይኸውም ከአፉ ሆድ ወደ አንገቱ፣ ከእጀታውም ወፍራም ወገን ወደ አንገቱ ማለት ነው። ከአንገቱ ወደ አፉ የሚጠርብ ግን ስለቱ ጅማቱን ፈልጦ ወደ ውስጥ ስለሚገባበት፣ የደከመበትን ሥራ በአንድ ምት ያጣዋል። በመጨረሻ ጊዜ መጥረቢያው ተቀምጦ በቢላዋ ብቻ ይሠራ።

5ኛ፤ የማንኪያው ግድግዳ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እስኪኾን ይቅጠን፤ ውፍረቱም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተይዞ ይመርመር። አንገቱ ግን ኹሉ ኀይል የሚያርፍበት ስለ ኾነ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ስለ አደራረቁ

የመጀመሪያው ቀን ሥራ እዚህ ላይ ይፈጸማል። እርጥብ የተጠረበ ማንኪያ በዚያው ቀን በፀሓይ ወይም በምድጃ አጠገብ ቢቀመጥ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። በጅጅጋ ሜዳ በጅላል፣ ይኸውም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው የደረቅ ወራት፣ ነፋሱ ብርቱ ስለ ኾነ ይህ አደጋ ይበዛል። ስለዚህ ማንኪያው በራሱ ፍቅፋቂ መካከል በወረቀት ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ። የደረቀ ቁራጭ የያዘ ሰው ግን ይህን መጠበቅ አያስፈልገውም።

መድረቁ በሚዛን ይታወቃል። በየሦስት ቀኑ ተመዝኖ ክብደቱ ይጻፍ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲተው ደርቋል ማለት ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያ 120 ግራም የነበረ ማንኪያ በመጨረሻ 80 ግራም ቢመዝን፣ 40 ግራም ውሃ ወጥቶለታል፤ ይህም ከመጀመሪያው ክብደት ሲሶ መኾኑ ነው። በዚሁ ላይ መምህሩ ሌላ ጥያቄ ሊጨምር ይችላል። የጕድጓዱ ውስጥ ርዝመት 7፣ ወርዱ 5፣ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ሜትር ቢኾን ምን ያህል ውሃ ይይዛል? የርዝመቱና የወርዱ እኩሌታ ከጥልቀቱ ጋራ ይባዛ፤ ደግሞም በ3.14 ይባዛ፤ ከዚያም ከሦስት እጅ ሁለቱ ይወሰድ፤ 36 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ይኾናል። ተማሪዎቹም ውሃ ሞልተው በመስፈር ሒሳቡ ከእጃቸው ሥራ ጋራ ምን ያህል እንደሚስማማ ይዩ።

ስለ ማለስለሱና ስለ ዘይቱ

በሁለተኛው የዕረፍት ቀን ማንኪያው በቢላዋ ስለት ቀስ ተብሎ ይፋቅና በብርጭቆ ወረቀት፣ በፊት በሻካራው ኋላ በለስላሳው፣ ጅማቱን ተከትሎ ይታሽ። ቀጥሎ በሙቅ ውሃ ነክሮ ማድረቅ ይገባል፤ ውሃው የተኛውን ጅማት ያስነሣዋልና፣ ሲደርቅ እንደ ገና ይታሽ። ይህን ሁለት ጊዜ ያደረገ ሰው ማንኪያው በወጥ ውስጥ ሲገባ አይሻክርበትም። ጌጥ የሚወድ ሰው በእጀታው ላይ ብቻ መስመር ይጫር፤ በአፉ ውስጥ ግን አይጫር፤ ምግብ እየገባበት ይበሰብሳልና።

በመጨረሻ ዘይት ይቀባል። ቅቤ ለጊዜው ቢያበራም ስለማይደርቅ ይሸታል። የተልባ ዘይት ግን ከአየር ጋራ ሲገናኝ እየጠነከረ በእንጨቱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ከኹሉ ይሻላል። ለቀለም ሥራ የሚሸጠው ቶሎ የሚደርቅ የተልባ ዘይት ግን የብረት ቅመም ሊጨመርበት ስለሚችል ለምግብ ዕቃ አይኾንም፤ ለምግብ የተጨመቀው ይፈለግ። በቀጭኑ ተቀብቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተረፈው በጨርቅ ይወልወል፤ ሥራው በየጥቂት ቀን ሦስት ጊዜ ይደገም፤ እስኪጠነክርም ጥቂት ሳምንት ይቈይ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ቢቀመጥ በራሱ ግሎ እሳት ያነሣል፤ ስለዚህ በውሃ ይነከር ወይም ለብቻው ተዘርግቶ ከቤት ውጭ ይድረቅ።

ስለ አያያዙ

ማንኪያው ከተበላበት በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ አየር እንዲያገኘው ቆሞ ይድረቅ። በውሃ ውስጥ አይደር፤ እያበጠና እየኰማተረ ይሰነጠቃልና። ሲነጣ ዘይት ይጨመርለት። ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ የቈየ ምግብና ሕመም የሚያመጣ እድፍ ስለሚይዝ፣ ለማገዶ ይኹን እንጂ ወደ ገበታ አይመለስ።

የመጀመሪያው ማንኪያ ጠማማ ቢኾን ሊያሳፍር አይገባም፤ ቀስ በቀስ እንቊላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና። ቁም ነገሩ ሠሪው እንጨቱን በስሙ ማወቁ፣ መርዙን ከመልካሙ መለየቱ፣ የጅማቱን መንገድ መከተሉ ነው። በካራማራ ሥር የሚኖር ልጅ ይህን ከአያቱ ቢጠይቅ ከመጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ነገር ይሰማል፤ የሰማውንም በሶማልኛና በዐማርኛ ቢጽፈው፣ በሽማግሌው ዘንድ ብቻ የነበረው ዕውቀት ለትምህርት ቤቱ ይተርፋል። ከወይራ ቅርንጫፍ ማንኪያ የጠረበ ተማሪ ደግሞ በክረምት አንድ የወይራ ችግኝ ተክሎ ከፍየል ይጠብቀው። ወይራው እስኪያድግ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ነገር ግን ዛሬ ካልተተከለ የልጅ ልጁ ለፈንዳል የሚኾን እንጨት በካራማራ ላይ አያገኝም።